የተሰፋው እጅጌ

አቶ ሀብተየስ በወላይታ ሶዶ ገበያ ጥግ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ስፌታቸው በራሱ ጊዜ ተተርትሮ አያውቅም። «የሀብተየስ ሱሪ ያረጃል እንጂ ስፌቱ አይፈታም» ይባልላቸዋል፤ ይህን ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ግን ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የልጅ ልጃቸው የዳና ሹራብ የግራ እጅጌ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ተፈትቶ ሲያገኙት የክር ድክመት እንዳልሆነ ወዲያው ገባቸው። አንድ ሰው ሆን ብሎ እየፈታው ነው። ያውም ሹራቡን ሳይጎዳ፣ ክሩን አንድ በአንድ እየመዘዘ።

እጅጌው መጀመሪያውኑ ለምን ተሰፋ ለሚል፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ዳና አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ ነው። እናቱ ዘመነች ዲምቱ ከተማ የእርሻ ባለሙያ ስለሆነች ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚውለውም የሚያድረውም ከአያቱ ጋር ነው። ታዲያ ይህ ልጅ ማንኪያም ይሁን እርሳስ፣ ጠጠርም ይሁን ኳስ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያነሳው በግራ እጁ ነው። አያትየው መከሩ፤ ተቆጡ፤ እጁንም መታ መታ አደረጉት። አልሆነም። በመጨረሻ በሙያቸው መጡበት፤ የግራ እጅጌውን ጫፍ ከጣቶቹ አሳልፈው ጥርቅም አድርገው ሰፉት። የዳና ግራ እጅ ከረጢት ውስጥ እንደገባ ድንች ሆኖ ቀረ። አቶ ሀብተየስ በብልሃታቸው ኮርተው የሱቅ ጎረቤታቸውን አቶ ተሻገርን ጠርተው እስከ ማሳየት ደርሰው ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የስፌት መኪናቸውን ሸፈኑ፤ ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ባጃጅ ያዙና ዳና ወደሚማርበት ኦ ክፍል ገሰገሱ።

የክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ አንድ ረጅም ጎረምሳ በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ፣ ሦስት ሕፃናት ጀርባው ላይ ጭኖ ምንጣፉን ይዞራል። ጥግ ላይ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች፤ አጠገቧ ዳና። የዳና እጅጌ ተፈትቶ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። በግራ እጁ እርሳስ ጨብጦ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ይስላል። ልጅቷ እርሳሱንም እጁንም አልነካችም። «ቀስ በል፤ አይዞህ፤ ማንም አያጣድፍህም» ብቻ ትለዋለች።

«ስፌቴን የምትፈቺው አንቺ ነሽ?» አሉ አቶ ሀብተየስ ከበሩ ላይ።

ልጅቷ ተነሳች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። «እንደምን አደሩ፣ አባባ። አዎ፣ እኔ ነኝ። በመርፌ ቁልፍ ነው የምፈታው። ስፌትዎ ግን በጣም ጠንካራ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።»

አቶ ሀብተየስ ቁጣ አዘጋጅተው መጥተው ሙገሳ ተቀበሉ። ደግነቱ ቁጣቸው ሩቅ አልሄደም ነበር።

«ማን ነሽ አንቺ? ማንስ ፈቀደልሽ?»

«ሩታ እባላለሁ። ከዱቦ ነው የምመጣው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሕፃናቱ ጋር እንውላለን። የሕፃናትን እድገት የምንማረው እንደዚህ ነው፤ ለእያንዳንዳችን አንድ ልጅ ይመደብልናል፤ እናየዋለን፤ አብረነው እንጫወታለን፤ ያየነውን እንጽፋለን። የኔ ልጅ ዳና ነው።»

«ያንቺ ልጅ!» ሳቅ ይሁን ሳል የማይለይ ድምፅ አወጡ። «አባትሽ በሚኒባስ አሳፍሮ ከዱቦ ድረስ የሚልክሽ ለዚህ ነው? ፊዚክሱን ኬሚስትሪውን ትተሽ ከሕፃን ጋር ወለል ላይ ልትንፏቀቂ? ያ ጎረምሳ ደግሞ ጭራሽ ፈረስ ሆኖ አረፈው!»

«አባባ፣ ፈረስ መሆን ከፊዚክስ ይከብዳል» አለ ፈረሱ፤ ስሙ ታሪኩ ነው። ተጨማሪ ሊናገር ሲል ጋላቢዎቹ ጆሮውን ጎትተው አስጋለቡት።

አቶ ሀብተየስ አልሳቁም። «ልጅ ማሳደግ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት የሆነው? እኔ አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ። ማን አስተማረኝ?»

«እናቴም ስድስት አሳድጋለች፣ አባባ። እኔ ራሴ ሁለት ታናሾቼን አዝዬ ነው ያደግሁት። ግን ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ፊቱ አይታይም። ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ልጅ ያየሁት ገና እዚህ ክፍል ስገባ ነው።» ሩታ ቃላቷን አዘጋጅታ የጠበቀች ትመስላለች፤ ምናልባትም አዘጋጅታለች። «ፊዚክስ ያሉትም ደስ ይላል። እዚያ ኳስ ወደ ላይ ተወርውራ ስትወድቅ ለምን ወደቀች ብለን እንጠይቃለን እንጂ ኳሷን አንገርፋትም። ልጅ ላይ ስንደርስ ነው ሳንጠይቅ የምንመታው።»

ለሽማግሌ እንዲህ መመለስ ነውር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነትም ልጅቷ አንገቷን አልደፋችም። ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ «አባባ» ማለቷንም አልተወችም። ሰው አክብሮ መከራከር መቻሉን አቶ ሀብተየስ እስከዚያ ቀን አላዩም ነበርና፣ ይህ ከስድብ ይልቅ አስቸገራቸው።

«ስሚ፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው፤ ሲለሰልሱ ነው ይበልጥ የሚያስፈሩት። «ይኼ ነገር የኔ ፈጠራ አይደለም። ግራ እጅ ለመጸዳጃ ነው። እኛ ከአንድ ገበታ የምንበላ ሰዎች ነን። በግራ ይጎረሳል? በግራ ሰላም ይባላል? ከትልቅ ሰው እጅ ዕቃ በግራ ይወሰዳል? ቋንቋው ራሱ ያውቀዋል እኮ። ሰው ሲቸገር ግራ ገባኝ ይላል። ቀኝ ገባኝ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ታሪኩ እንኳ ፈረስነቱን አቁሞ የሩታን መልስ ጠበቀ።

«አልሰማሁም» አለች ሩታ ትንሽ አስባ። «ግን ድሮ ቀኛዝማች ሲሾም ግራዝማችም ይሾም እንደነበር በታሪክ ተምረናል። ግራዝማች የተባለ ሰው ግራ ብላችሁ ሰደባችሁኝ ብሎ ሹመቱን መለሰ?»

አቶ ሀብተየስ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ።

«ስለ ገበታው እውነትዎን ነው» ብላ ቀጠለች። «ሰላምታውንም ማጉረሱንም በቀኙ ይልመድ፤ እኔም አስለምደዋለሁ። እጁን ይታጠብ፤ ሁለቱንም፣ በሳሙና። ቀኝ እጅ ሳይታጠብ ንጹሕ ነው ያለው ማን ነው? እርሳስ ግን ገበታ አይደለም። እርሳስ በግራ ተያዝኩ ብሎ አይቀየምም።»

ከዚያ ደብተሯን ገልጣ፣ ሳይጠይቋት፣ አነበበች።

«ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ። ዳና እጅጌው ተሰፍቶ መጣ። በቀኝ እጁ ክብ ለመሳል አምስት ጊዜ ሞከረ። ወረቀቱ ተቀደደ። እርሳሱን ወርውሮ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ስጠራው ‹እኔ አልችልም› አለ። ደወል እስኪደወል አልወጣም።» ገጽ ገለበጠች። «ሐሙስ። እጅጌውን ፈታሁለት። ክብ ሳለ። ክቡ ውስጥ ሁለት ዓይን አደረገ። ከአንገቱ ሥር ረጅም መስመር አወረደ። ማን ነው ስለው ‹አባባ ነው፤ ሜትሩን አድርጎ› አለ።»

የአቶ ሀብተየስ እጅ ሳያስቡት አንገታቸው ላይ ወዳለው ሜትር ሄደ። ሆኖም ሰው ሆዱ ሲባባ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ መጮኽ ነው፤ እሳቸውም ጮኹ። የክፍሉ መምህርት ወይዘሮ አያልነሽ እጃቸው ላይ የተጣበቀ የሕፃን ንፍጥ በሶፍት እየጠረጉ ከጓሮ ሮጠው መጡ።

«ይቺ ልጅ ከልጄ አጠገብ ትራቅልኝ! ወይ በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቅ፤ ያለዚያ ልጁን ከዚህ አወጣዋለሁ።»

ወይዘሮ አያልነሽ ወላጅ ሲቆጣ የሚሸሹበት ጥግ የሌላቸው ሰው ናቸው። ሁለቱንም አዩ። «ሩታ፣ ቤተሰብ ሳታማክሪ የልጅ ልብስ መፍታት አልነበረብሽም። እስከ ማክሰኞ ይቅርታ ጠይቂ። እምቢ ካልሽ ከሕፃናቱ ጋር መዋሉ ይቀርብሻል፤ እኔ የማደርገው የለኝም» አሏት።

የሩታ ፊት ተለዋወጠ። በሳምንት ከሁሉ ቀን አስበልጣ የምትወዳቸው እነዚያን ሁለት ቀናት ነው። ነገ ሐኪም ትሁን መምህርት ገና አልወሰነችም፤ ከልጆች እንደማትርቅ ግን እዚህ ወለል ላይ ወስናለች። አፏን የፈታችው በወላይትኛ ስለሆነ ስትናደድ አማርኛዋ ወንድና ሴት ያምታታል። «ስፌቱን ሳልጠይቅ ፈትቻለሁ፤ ጥፋት ነው፤ ለእሷ ይቅርታ» አለች። «እጁን በመፍታቴ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። እጁ ምን አጠፋች?»

በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ አቶ ሀብተየስ እጅጌውን ለአራተኛ ጊዜ ሰፉት፤ በድርብ ክር። ዳና ይታገላል ብለው ነበር። አልታገለም፤ አላለቀሰም። እጁን ራሱ ዘርግቶ ሰጣቸው። ያሰቡት ሁሉ የተሳካላቸው ሰው መደሰት ሲገባቸው፣ ያን ቀን የበሉት አልጣማቸውም።

ሰኞ ከሰዓት አቶ ሀብተየስ ሱቃቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሙሽራ ኮት ቁልፍ ይተክላሉ። ዳና ከእግራቸው ሥር በተሰፋው እጅጌው ቁርጥራጭ ጨርቅ ይገፋል። ሩታ ደብተሯን በደረቷ አቅፋ መጣችና ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ይቅርታሽን ይዘሽ መጣሽ?» አሉ ከኮቱ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«አይደለም፣ አባባ። ነገ ማክሰኞ ነው። ይቅርታ እንደማልጠይቅ ከሰው ከሚሰሙት ከራሴ ይስሙ ብዬ ነው። መባረሩን እችለዋለሁ። ዳናን ልሰናበተው...» እዚህ ላይ አረፍተ ነገሯ ተቋረጠ። ዓይኗ የአቶ ሀብተየስ እጅ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ምነው? ዝም አልሽ?»

«አባባ፣ መርፌውን የያዙት በየትኛው እጅዎ ነው?»

አቶ ሀብተየስ አዩ። ኮቱን የያዘው ቀኝ እጃቸው ነው። መርፌው ያለው፣ ቁልፉን የሚዞረው፣ ክሩን የሚያጠብቀው ግራው ነው። እንደ ሌባ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው እጃቸውን ጉልበታቸው ሥር ደበቁ።

«ስፌት ሌላ ነው» አሉ።

«እንዴት ሌላ ነው?»

አቶ ሀብተየስ ለማንም ያልነገሩትን መናገር ጀመሩ። «አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ሶዶ ነው ሲሰፋ የኖረው። የእንጨት ሜትር ነበረችው። ግራዬን ባነሳሁ ቁጥር በጠርዟ አንጓዬን ይለኛል። የሰፈር ልጆች በወላይትኛ ‹ሀዲርሳ! ሀዲርሳ!› እያሉ ይከተሉኛል፤ ግራው፣ ግራው ማለታቸው ነው። መቀስ በቀኝ ለመያዝ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ስንት ጣቃ አበላሸሁ መሰለሽ። ትምህርት ቤትም ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ነው ተብሎ ሲሳቅብኝ አራተኛ ክፍል ላይ ጥዬ ወጣሁ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ግን ቻልኩት። ይኸው ሰው ሆንኩ። ዳናም ይችለዋል።»

«ሰው የሆኑት በየትኛው እጅ ነው?»

«እንዴት?»

«ቀኝዎ መቀስ መያዝ ለምዷል፤ ሰማሁ። ያ የማይፈታው ስፌት ግን፣ እኔ ሃያ ደቂቃ የታገልኩት፣ እሱን የሰፋው የትኛው ነው?»

ገበያው ውስጥ ሰው ይጯጯሃል፤ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል። አቶ ሀብተየስ ይህን ሁሉ አልሰሙም። አርባ ዓመት የተመኩበት ስፌት፣ ዝምዝማቱ፣ ቁልፉ፣ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሥራ ሁሉ፣ ማንም ልብ ሳይል በዚያ በተገረፈው እጅ የተሠራ ነው። የዳናን ግራ እጅ አሥረው የሰፉት በራሳቸው ግራ እጅ ነው። ግራ ገባቸው፤ ቃሉ ያን ቀን በልኩ ተሰፋላቸው።

ሩታ አሁን ድል አድርጋለች፤ ግን አልሳቀችም። ወደ መሬት ዝቅ ብላ ቁጢጥ አለች። «የትኛው እጅ እንደሚቀናው ለልጁ ማንም አልነገረውም፣ አባባ። ፀጉሩን እንዳልመረጠ ሁሉ ይህንንም አልመረጠም። እኛ ብናስረው አይለወጥም፤ ‹አልችልም› ማለትን ብቻ ይለምዳል። እርስዎ ትምህርት ጥለው የወጡት እጅዎ ሰንፎ ነው ወይስ ስለሳቁብዎ?»

ይህን ጊዜ ነው ዳና ከጨርቆቹ መሃል ቀና ያለው። እስከዚያ ድረስ ወሬውን ይሰማል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የአያቱን ጉልበት በተሰፋው እጅጌ ነካ አደረጋቸው።

«አባባ፣ አንተም ግራኝ ነህ?»

አቶ ሀብተየስ ለልጅ መዋሸት አልሆነላቸውም። «ነኝ» አሉ።

ዳና በጣም አሰበበት። ከዚያ ያለ ምንም ተንኮል ጠየቀ፦ «ያንተን እጅጌ ታዲያ ማን ይስፋልህ?»

አቶ ሀብተየስ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ምላጭ አወጡ፤ ልጁን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ ደብቀውት የነበረውን ግራ እጃቸውን በአደባባይ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየ፣ አወጡት። ድርቡን ክር አንድ በአንድ በጠሱት። ሩታን ሃያ ደቂቃ የፈጀው ሥራ እሳቸውን አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። አምስት ትንንሽ ጣቶች ብቅ አሉ፤ በላብ ርሰው ተጨማደዋል። አቶ ሀብተየስ ጣቶቹን በመዳፋቸው ያዟቸው፤ እንባቸውንም ለመደበቅ አልሞከሩም።

«አየሽ» አሉ ለሩታ፤ «እጅ ሰጠሁ።»

ጎረቤታቸው አቶ ተሻገር ይህን ሁሉ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው አይተዋል። «ሀብተየስ! በአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተሸነፍክ? ነገ ልጅህ ገበታ ላይ በግራው ሲጎርስ ምን ልትል ነው?» ብለው ጮኹ።

እነሆ፣ ሰው ሲለወጥ ምን እንደሚሆን አንባቢ ይይ። ሐሙስ ዕለት በሩታ ላይ የጮኸው አፍ አሁን ወደ ጎረቤቱ ዞረ።

«ገበታ ላይ በቀኙ ይበላል፤ አሳየዋለሁ። በምክር እንጂ በክር አይደለም!» አሉ አቶ ሀብተየስ። «የሚጽፈው ግን በሚችልበት ነው። በሚችልበት የጻፈ ልጅ ትምህርቱን ይወዳል፤ ትምህርቱን የወደደ ጠረጴዛ ሥር አይገባም፤ እንደኔም ከአራተኛ ክፍል አይቀርም። አንተ ስድስት የልጅ ልጆች አሉህ፤ የትኛው ምን እንደሚያስፈራው ታውቃለህ? እኔ አላውቅም ነበር። ይቺ ልጅ ግን በሁለት ሳምንት ጽፋ አስቀመጠችው! እሷና ያ ፈረስ የሆነው ጎረምሳ ነገ በየቤታቸው ወልደው ሲያሳድጉ ልጆቻቸው የእንጨት ሜትር አያውቁም። ይኼ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት የሚባለው ምንድን ነው?»

አቶ ተሻገር ደንበኛ የመጣባቸው መስለው ወደ ውስጥ ገቡ። ደንበኛ አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ሩታ ደብተሯን ይዛ ከኦ ክፍሉ በር ውጭ ቆማለች፤ ይቅርታ ስላልጠየቀች መግባት አልተፈቀደላትም። አቶ ሀብተየስ የዳናን ግራ እጅ ይዘው መጡ። ቀጥ ብለው ወደ ወይዘሮ አያልነሽ ሄዱ።

«ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው መጥቷል» አሉ። «እኔ ነኝ። ልጅቷ ትግባ። ስፌት በመፍታቷ እኔ ልብስ ሰፊው አልከሳትም፤ ሌላ ከሳሽ የለም። እኔም ካልከፋችሁ ሐሙስ ሐሙስ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ልይ። አምስት ልጅ ያሳደግሁት ጀርባ ጀርባቸውን እያየሁ ነው።»

ወይዘሮ አያልነሽ ፊታቸው በራ። ሩታን በእጃቸው ጠሩና የእንግዳ መዝገቡን ለአቶ ሀብተየስ አቀረቡላቸው፤ ክፍል የሚገባ ትልቅ ሰው ሁሉ ስሙን ይጽፋል።

አቶ ሀብተየስ ብዕሩን እንደ ልማዳቸው በቀኛቸው አነሱ። ቆም አሉ። ዳና ከታች ሆኖ ያያቸዋል። ብዕሩን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት። ያ መርፌ ሲይዝ የማይሳሳት እጅ ስድሳ ዓመት ሙሉ ፊደል ጽፎ አያውቅም። «ሀ»ን ጀመሩ። አንዱ ክንዷ ከመስመር ወጣ። ሊያቋርጡ ፈለጉ።

ዳና ከጎናቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ልክ ሩታ እንደምትቀመጠው። እጃቸውንም ብዕሩንም አልነካም።

«ቀስ በል፣ አባባ» አላቸው። «አይዞህ። ማንም አያጣድፍህም።»